አሥራ አራት ዓመት ሳልጠራት

እልኸኛ ነኝ፤ ይህን ለመደበቅ ሞክሬም አላውቅም። አንዴ አላደርገውም ካልኩ ሰማይ ቢታረስ አላደርገውም። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሳይሞላት አባቴ ከቦዲቲ በኩል አንዲት ሴት አግብቶ ወደ ሶዶ ቤታችን አመጣ። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሴትየዋ ጓዟን አውርዳ ሳትጨርስ በልቤ ማልኩ፦ ይህችን ሴት «እማዬ» አልላትም።

አባቴ የአማርኛ መምህር ነው። ቤታችን በወላይትኛ ነው የሚኖረው፤ የምንቆጣውም የምንጸልየውም በእሱ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ምሳው በአማርኛ ይሆናል፤ የአባቴ ሕግ ነው። በንግግሩ የተሳሳተ ሰው ከምሳ በኋላ ጆጉን ይዞ ይነሣና ሁሉንም ያስታጥባል። ዳታ የምንለውን የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ የነካ ጣቱን ረስቶ ዓይኑን ያሸ ሰው የዚያን ውኃ ዋጋ ያውቃል።

አባቴ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አንድም ሥርዓተ ነጥብ የሌለው ረጅም ዓረፍተ ነገር ይጽፍልናል። ከዚያ ክርክር ነው። ታናሽ እህቴ ነጠላ ሰረዝን እንደ ጨው ነበር የምትነሰንሰው። እኔ ነገር በአጭሩ እንዲያልቅ ስለምወድ ባገኘሁት ቦታ በአራት ነጥብ እዘጋለሁ። አባቴ ደግሞ ድርብ ሰረዝ ይወዳል፤ ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ ትንሽ አረፍ የሚልባት ናት ይላል። አንድ ጊዜ እህቴ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ሰው ልጅ አባቷን «አንቱ» ስትል ሰምታ መጣችና እኛም እንደዚያ እንበል ብላ ተከራከረች። አንድ ሳምንት ሞከርነው። «አባባ፣ ይብሉ እንጂ» ስንለው እንግዳ የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞር ይል ነበር። በስምንተኛው ቀን ራሱ በቃኝ አለ።

አዲሷ ሴት በመጣች በመጀመሪያው እሁድ አባቴ ከጨዋታው ነፃ ሊያደርጋት ፈለገ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱንና ሴቱን ትቀላቅላለች።

«አይ፣ እኔም እገባለሁ» አለች። «አባታችሁ ደክማለች፤ መጀመሪያ እሷ ትብላ።»

እህቴ ሳቀች፤ አባቴም ሳቀ። ሴትየዋ ራሷ ከሁላችንም በላይ ስቃ ጆጉን ለማምጣት ተነሣች። እኔ አልሳቅኩም። ውኃውን እጄ ላይ ስታፈስልኝ ቀና ብዬም አላየኋት።

አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ጆግ እሁድ እሁድ የተሸከመችው እሷ ናት። በሁለተኛው ዓመት ግን «ሁለት መምህሮች መጣ» ሲል አባቴን ያዘችው። የምላስ ወለምታ ነው ብሎ ሊያመልጥ ሲፈልግ «ጆጉ እዚያ ነው» አለችው። መምህሩ ተነሥቶ አስታጠበን።

እኔ መሐላዬን ጠበቅኩ። ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ ስሟን አልጠራሁም። አባቴ «አክስቴ በያት» ሲለኝ የአንተም የእማዬም እህት አይደለችም ብዬ መለስኩለት። ስለዚህ ምንም አልላትም ነበር። ጨው ስፈልግ «ጨው የት ነው ያለው?» ብዬ ግድግዳውን እጠይቃለሁ። ሰው ሲመጣባት «በር ላይ ሰው አለ» ብዬ ለአየሩ እናገራለሁ። አስታውሳለሁ፣ ታይፎይድ ይዞኝ ዱቦ ሆስፒታል ድረስ ይዛኝ ሄዳ ነበር፤ ከሚኒባሱ ስንወርድ መራመድ ስላልቻልኩ አዝላኛለች። ስድን «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ማንንም ሳይጠሩ ማመስገን እንደሚቻል ያን ቀን ነው የተማርኩት።

በሰፈራችን ልጅ ያላት ሴት በራሷ ስም አትጠራም። የበኩር ልጇ ስም ይቀድምና «የእገሌ እናት» ትባላለች። የእኔም እናት ዕድሜዋን በእኔ ስም ተጠርታ ነው የሞተችው። አዲሷ ሴት አልወለደችም። ጎረቤቶች ግን ዝም ብለው በእኔ ስም ይጠሯት ጀመር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ በእኔ ስም ስትጠራት ሰማሁ። እሷ ቦዬ፣ ያንን እንደ ድንች ተልጦ የሚቀቀል ሥር፣ የሞላ ሳፋ ይዛ እየገባች ነበር። ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ ጠራቻት፤ አልዞረችም። በአራተኛው በራሷ ስም ስትጠራት ወዲያው ዞረችና ፈገግ አለች።

ደሜ ፈላ። ስሜ ጎረበጣት ማለት ነው? በዱቦው መንገድ ትንሽ ለስለስ ብሎልኝ የነበረው ልቤ እዚያው በሩ ላይ ደነደነ። እሷ በእኔ ስም መጠራት ከናቀች እኔ የምጠራት ለምንድን ነው አልኩና መሐላዬን አደስኩ።

ዓመታት አለፉ። አደግኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፤ ግድግዳውን ጨው መጠየቄን ግን አልተውኩም። ባለፈው ዓመት የሠርጌ ቀን ተቆረጠ። አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ የጥሪ ካርዱን ለመጻፍ ጠረጴዛውን ከበብን። እህቴ «ልጃችንን» ይባል አለች፤ አባቴ «ልጃቸውን» ነው የሚባለው አለ። ነጠላ ሰረዙ ላይም ተጨቃጨቅን። አባቴ የራሱን ስም ጽፎ «እና» ሲል እስክሪብቶው ቆመ።

ቀጥሎ የማን ስም እንደሚጻፍ ሁላችንም እያሰብን ነበር። ቀድሜ የሟች እናቴን ስም ተናገርኩ፤ ጮክ ብዬ።

ሴትየዋ ሳህኖቹን እየሰበሰበች «ልክ ነው፤ የወለደች ትጻፍ» አለችና ወደ ማድቤት ገባች። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኩት ድል ያ ነበር። ግን አልጣፈጠኝም፤ አፈርኩ።

በማግስቱ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ወሬው ደርሷታል።

«ከካርዱ አወጣሽው አሉኝ» አለችኝ። ስትቆጣ አማርኛዋ ይጠፋባታል፤ ሴቷን ወንድ ታደርጋለች።

«በእኔ ስም መጠራት የናቀችው እሷ ናት» አልኩ። «ስትጠሪያት እንኳ መቼ ትዞራለች?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ንቃ መሰለሽ? የመጣች ሰሞን ቤቴ ገብታ ምን አለችኝ መሰለሽ? በዚያች ልጅ ስም አትጥሪኝ፣ እናቷ ሞተች እንጂ አልጠፋችም አለችኝ። ልጅቷ ራሷ በአፏ ከጠራችኝ ያን ቀን አቤት እላለሁ አለች። እኔ አፌ ለምዶ እጠራዋለሁ፤ እሱ ግን አንድም ቀን አልመለሰም።»

በአንድ ጣራ ሥር ሁለት እልኸኞች ኖረናል ለካ። እኔ የእናቴን ቦታ ከእሷ ስጠብቅ እሷ ከሰፈሩ ሁሉ ትጠብቅልኝ ነበር።

ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። የአባቴን፣ የእናቴን፣ ቀጥሎም የእሷን ስም ጻፍኩ። ሠራተኛው ሦስት ስም በአንድ መስመር አይበቃም አለኝ።

«ፊደሉን አሳንሰው።»

«ያስጠላል እኮ።»

«ያስጠላ!» አልኩት። ካርዱ እስኪስተካከል ከኮምፒውተሩ አጠገብ አልተነቃነቅኩም።

ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቦዬ ትልጣለች። በሩ ላይ ቆምኩ። «እማዬ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ያ ቃል የዚያችኛዋ ነው፣ አልወጣልኝም። የቀረኝ የሰፈሩ ቃል ብቻ ነበር። ስለዚህ ጎረቤታችን እስክትሰማ ድረስ የራሴን ስም በራሴ አፍ ጠራሁና «እናት!» የሚለውን አስከተልኩበት።

ቢላዋዋ ቆመች።

«አቤት» አለች።

ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «እናቱን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ሰው አለ እንዴ?» አለች። «ስህተት ነው። ውኃ አምጪ።»

ጆጉን አመጣሁ። እጇ በቦዬ አፈር ጠቁሯል፤ አፈሩ እስኪለቅ ድረስ አስታጠብኳት።