ያልተቀመሰ ጠጅ

ይህን ባስታወስሁ ቁጥር ዛሬም ሳቄ ይቀድመኛል! ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠጅ ቤት ነበረኝ። ተስቦ ገባና የጣሊያኑ ሐኪም አዋጅ አወጣ፤ ጠጪ ተራርቆ ይቀመጥ፣ ብርሌ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ቀጂም ለሰው የቀዳችውን እንዳትቀምስ። ስትቀምስ የተገኘች ቤቷ ይታሸጋል።

መራራቁንስ ቻልነው። አለመቅመሱን ግን ማን ይቻለው! እኛ አገር ቀጂዋ አስቀድማ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ካልቀመሰች፣ መርዝ የለበትም ብሎ ማን ያምናል? የዘወትር ደንበኛዬ መሪጌታ ብርሌያቸውን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ምን በደልሁሽ?» አሉኝ።

«ኧረ አዋጅ ነው፣ መሪጌታ!»

«እንግዲያስ አዋጁ ራሱ ይጠጣው!»

ቤት ሙሉ ሰው ጠጁን ፊቱ አስቀምጦ እያየ ቁጭ አለ።

በዚህ መሐል ሐኪሙ ራሱ ከነአስተርጓሚው ከች አይልም! ሰዉ ለምን እንደማይጠጣ ሲነገረው ከት ብሎ ሳቀ። «ይህ የኋላ ቀር ልማድ ነው፤ እኔ ጠጥቼ አሳያችኋለሁ» አለ በአስተርጓሚው አፍ።

በአዋጁ መሠረት ሳልቀምስ ቀድቼ ሰጠሁት። ብርሌውን ወደ አፉ አስጠጋና ቆም አለ። ጠጁን አየ። እኔን አየኝ። ትንፋሹን ውጦ የሚያየውን ያን ሁሉ ጎጃሜ አየ። ከዚያ ብርሌውን ቀስ ብሎ አወረደና ለአስተርጓሚው አንሾካሾከለት።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «እ… ለዛሬ ብቻ፣ መጀመሪያ አንቺ ለሐኪሙ ቅመሽላቸው» አለኝ።