ለቢራም የተገዛው ሰዓት

ንጃጋ ዛሬ ዳካር አጠገብ፣ በሰፈራችን በንጎር ባሕር ዳር ጀልባ ይጠግናል። የተሰነጠቀ ጣውላ በጥጥና በሬንጅ ይደፍናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከሰው ጋር እምብዛም አያወራም። ሲሠራ ሁልጊዜ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ነው። እንግዳ ሰው ኩሩ ይመስለዋል። ኩራትስ የት አባቱ!

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በሰፈራችን ትንፋሹን ይዞ ጠልቆ ዓሣ በጦር ወግቶ የሚወጣ ሞልቷል፤ ንጃጋንና ታናሽ ወንድሙን ቢራምን የሚያህል ግን አልነበረም። ስለማዝንላቸው አይደለም እንዲህ የምለው። ልጁን የሚድር ሰው ለሠርጉ ትልቅ ቾፍ ሲፈልግ ሌላ በር አያንኳኳም ነበር፤ ቾፍ ደግሞ ከድንጋይ ሥር የሚሸሸግ፣ ጥላ የሚያስደነግጠው፣ ልበ ፈሪ ዓሣ ነው።

አሠራራቸው ከአባታቸው የወረሱት ነው። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ ትልቅ ኳስ ላይ ደረቱን ጥሎ ይቀራል፤ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ የወንድሙን ጀርባ በመነጽሩ ይከተላል። አባትየው በነበሩበት ዘመን ላይ የሚቀረው ሰው በመቁጠሪያ ነበር የሚቆጥረው። ልጆቹ አንድ ሰዓት ገዙና በመቁጠሪያው ቦታ እሱ ገባ። ሕጉ ግን ያው ነው፤ ሰዓቱ የሚታሰረው ላይ በሚቀረው ሰው ክንድ ነው። የጠለቀው ሲወጣ፣ ታች የቆየውን እጥፍ ሳያርፍ ተመልሶ አይጠልቅም። ተራ ሲለዋወጡ ሰዓቱ ተፈትቶ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ሰዓት ያሰረ ሰው አይጠልቅም፣ አለቀ። ይህን የሚያከብሩት ፈሪዎች ሆነው አይደለም። ትንፋሽ ያለቀበት ጠላቂ አይጮኽም፣ አይንፈራገጥም፤ እንደ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገውና በዚያው ይቀራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ።

ጀልባቸው አሸዋው ላይ ሲወጣ አክስታቸው ንጎኔ ትጠብቃቸዋለች። የአባታቸው እህት ናት፤ የመጀመሪያው ዓሣ ጭንቅላት በወጉ የሷ ነው። እሷ ግን ዓሣውን ሳታይ በፊት አንድ ነገር ትጠይቃለች፦ «ላይ ማን ነበር?» አንዱ «እኔ» ይላል፣ ሌላውም «ከዚያ እኔ» ይላል። እንዲህ ከተባለች በኋላ ነው ጭንቅላቱን ተቀብላ «ይኼ ደግሞ ምኑ ይበላል» እያለች የምትነጫነጨው።

ቢራም ፋማን ሊያገባ ሲል ንጃጋ ስጦታ ማሰብ ጀመረ። ሰዎች ጨርቅ ስጠው፣ በግ ስጠው አሉት። እሱ ግን ልቡ ሰዓት ላይ ነበር። የጋራቸው ሰዓት መስታወቱ ተፋፍቆ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በዓሣ ማጥመጃ ክር ነበር የሚታሰረው። ለበዓል ያደለበውን በግ ሸጦ፣ ሚስቱ አኩርፋው፣ ዳካር ገበያ ወረደ።

ሻጩ የሚያብረቀርቅ ከባድ የብረት ሰዓት አወጣለት፤ ከጀርባው የተጻፈውን ጥልቀት እያነበበ አሞገሰ። ንጃጋ መለሰለት። እዚያ ጥልቀት የወረደ ሰው ሰዓት ሳይሆን ከፈን ነው የሚያስፈልገው፣ ብልጭታውም ቾፉን ያባርርበታል አለው። ከዚያ ከቦርሳው ሲጠልቅ የሚለብሰውን የአሮጌ ጎማ ልብስ እጅጌ አውጥቶ በክንዱ ላይ አጠለቀና እየቀያየረ ያስር ጀመር። ታች ሲወረድ ጎማው ይጨመቅና ይሳሳል፤ ማሰሪያው የማይሳብ ከሆነ ሰዓቱ ይዞራል። የሚለጠጥ ማሰሪያ ያለውን፣ ቀላሉን፣ ጥቁሩን ለየ። ከጎረቤት ባልዲ ለምኖ ነከረው፤ ቁጥሩ ውሃ ውስጥ ጎልቶ ይነበባል። ሳይነኩት ራሱ ያውቃል፤ ሲጠልቁ መቁጠር ይጀምራል፣ ሲወጡ ዕረፍቱን ይቆጥራል፣ ዕረፍቱ ሲሞላ ሳይጮኽ ክንድ ላይ ይነዝራል። ሻጩ ሰለቸው።

«ወንድሜ፣ ሰዓት ነው የምትገዛው ወይስ ሚስት የምታጨው?»

«ሚስቱንማ እሱ መርጧል» አለ ንጃጋ። «እኔ የምመርጠው በሰላም ወደ እሷ የሚመልሰውን ነው።»

ቢራም ሰዓቱን ሲያስር ልጅ ሆነ። በሠርጉ ቀን እንኳ አልፈታውም፤ ፋማ ጣውንት መጣብኝ እያለች ታሾፍበት ነበር። የዕረፍቱን ርዝመት ሰዓቱ ላይ የሞላለት ንጃጋ ራሱ ነው፤ ሆን ብሎ ረጅም አደረገው። ቢራም ይኼን ያህል ጊዜ እንቅልፍ ልተኛ ነው እንዴ ቢለው፣ ተኛ፣ ማን ከለከለህ አለው። አሮጌው ሰዓት ለንጃጋ ቀረ። አክስት ንጎኔ ሁለት ክንድ ላይ ሁለት ሰዓት ባየች ቀን ፊቷ ተለወጠ።

«ታዲያ ከእንግዲህ ላይ የሚቀረው ማነው?»

ንጃጋ ሳቀ። «አክስቴ፣ አታስቢ፣ ሰዓቱ ራሱ ይጠብቀዋል።»

ይህን ያለው ንጃጋ ነው፣ ቢራም አይደለም። ዛሬ አንጀቱን የሚበላውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ተራቸውን ጠበቁ። ኋላ ግን የቾፍ ወቅት ደረሰ፤ ድንጋዩ ሥር ሁሉ ዓሣ ሞላ፤ ኳስ ላይ ተጋድሞ የሰው ጀርባ ማየት ሥራ መፍታት መሰለ። አንዱ ሲጠልቅ ሌላውም አጠገቡ ወዳለው ድንጋይ ይወርዳል። ማንም ዕረፍቱን አልሰረቀም፤ ቢራም ሰዓቱ ሳይነዝር አንድም ቀን አልጠለቀም። ጀልባቸው ሞልቶ ይገባ ጀመር። ሰዉም ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እያለ አሞገሳቸው። ለአክስታቸው ጥያቄ ግን አሁንም «እኔ፣ ከዚያ እኔ» ነበር መልሳቸው። የሰፈር ሰው ሁሉ እያየ ስህተቱን ያየ የለም።

ያን ቀን ከባሕር ዳሩ ፊት ለፊት ካለው ደሴት ጀርባ ነበሩ። ባሕሩ የተኛ፣ ውሃው የጠራ። ንጃጋ ጠልቆ፣ ዓሣውን ስቶ፣ ባዶ እጁን ወጣ። ኳሱ አጠገብ ቢራም የለም። ታች ነው ብሎ አሰበ። እንደ ሕጉ ሰዓቱን ተጭኖ ማረፍ ጀመረ። አዎ፣ አረፈ! የራሱን ዕረፍት እያየ፣ በቀስታ እየተነፈሰ። ሰዓቱ የሚቆጥረው የራሱን ነው፤ ቢራም መቼ እንደወረደ የሚያውቅ ሰው በዚያ ባሕር ላይ አልነበረም። ዕረፍቱ ሳይሞላ ልቡ ፈራ፤ ፊቱን ነክሮ ወደ ወንድሙ ድንጋይ ዋኘ።

ቾፉ ትልቅ ነበር። ተወግቶ ዋሻው ውስጥ ገብቷል፤ የጦሩ ገመድ የቢራምን እግር ከድንጋዩ ጋር ጠምጥሞታል። ዓሣው ገና ይንቀሳቀሳል። ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ቢኖር በአንድ ትንፋሽ ወርዶ ገመዱን በጩቤ መበጠስ ነበር፣ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ንጃጋ በጠሰው፣ ግን ዘግይቶ። አቅፎት ወጣ። በአቅራቢያው የነበሩ ሰዎች ወደ ሞተር ጀልባቸው ጎተቷቸውና ወደ ዳር በረሩ፤ ንጃጋ መንገዱን ሁሉ በወንድሙ አፍ ትንፋሹን ሲያስገባ፣ ደረቱን ሲጫን፣ ስሙን ሲጠራ ደረሱ።

አሸዋው ላይ አስተኙት። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አንገቱን ዳሰሱና የራሳቸውን ኩታ አለበሱት። ሴቶቹ ፋማን ይዘዋታል። አክስት ንጎኔ ከሰዉ መሐል ወጥታ መጣች፤ አጠገባቸው ቆማ የቢራምን ፊት አየች። እንደ ልማዷ ትጠይቃለች ብሎ ንጃጋ ጠበቀ። አልጠየቀችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቅ ተቀመጠች።

ንጃጋ የወንድሙን እጅ ይዞ ነበር፤ አልለቅም ብሎ። ያን ጊዜ ጥቁሩ ሰዓት በመዳፉ ሥር ነዘረ። ከውሃው ሲወጡ ጀምሮ ራሱ ዕረፍቱን ሲቆጥር ቆይቶ ነበር፤ አሁን ሞላ። ንጃጋ ራሱ ረጅም አድርጎ የሞላው ዕረፍት። ደግሞ ነዘረ፤ ቢራምን ተነስ፣ አሁን ጥለቅ እያለው ነው።

ንጃጋ ቀና ብሎ አክስቱን አያት።

«አክስቴ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ላይ ማንም አልነበረም።»