የኢራሲልዳ ጨጓራ

ኢራሲልዳ በካምፒና ግራንዴ ከተማ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቅ አንዴ ከተለጠጠ ተመልሶ እንደማይገጥም ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጣጣዋም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪሞች ውፍረቷ እንዲቀንስ ከጨጓራዋ ትልቁን ክፍል ቆርጠው ጥቂት ጉርሻ ብቻ የምትይዝ ከረጢት ሲተዉላት፣ ነገሩን የተረዳችው በልብስ ሰፊ ልቧ ነው። አንድ ጉርሻ ከለኩ ካለፈ ከረጢቱ ይለጠጣል፤ ከተለጠጠ ያ ሁሉ ስቃይ ገደል ገባ፤ ጉልበቷም እንደ ድሮው ደረጃ መውጣት ሊያቅተው ነው።

ስለዚህ በቡና ስኒ እየለካች፣ ብቻዋን ትበላ ጀመር። ሰው ባለበት ማዕድ ጨዋታ አለ፣ ጨዋታ ካለ ደግሞ እጅ ልኩን ይረሳል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ቤት ያስመሰለው የጎረቤት ሳህን ነበር፤ እሱንም ከደጅ መለሰችው። የማዶዋ ጎረቤቷ ጁሬማ በወተትና በስኳር የተሠራ የበቆሎ ገንፎ ይዛላት ስትመጣ፣

«ጁሬማ፣ ከወደድሽኝ እባክሽ አታምጪብኝ» አለቻት።

«ኧረ እትዬ! አንድ ማንኪያ ምን ታደርጋለች?»

«አንዷ ማንኪያ ናት ጉድ የምትሠራኝ። ለሌሎቹም ንገሪልኝ።»

ጁሬማ ለወሬ ማን ብሏት! መንገዱ ሁሉ ሰማ።

በሰኔ የሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሲቃረብ ግን ኢራሲልዳ ስኒዋን ጨርሳም ይርባት ጀመር። «በቃ፣ ተለጠጠ» አለች። የጭፈራ ቀሚሶች ላይ ጥብጣብ እየሰፋች እንባዋን በጨርቁ ጫፍ ትጠርጋለች። በመጨረሻ በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ነጭ ፈሳሽ አጠጥተው በራጅ አዩዋት።

«ምንም አልተለጠጠም» አላት ሐኪሙ። «አንድ ቀን ትንሽ ቢያልፍም ተመልሶ ቦታው ይገባል። ሥጋ እኮ ነው፣ ጨርቅ አይደለም። ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?»

«ብቻዬን።»

«ዛሬማ ብቻዎን እንዳይበሉ። ቀስ እያሉ ከሰው ጋር ይቅመሱ።»

ከደስታዋ ብዛት አውቶቡሱ አልሄድ አላት። ቤቷ ገብታ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ሁለተኛ ወንበር ከልብሱ ክምር ሥር አወጣች፣ በሯን ወለል አድርጋ ተቀመጠች። በዚያ ምሽት በየደጁ እሳት ይነዳል፤ የበቆሎ ምግብ ያለበት ሳህንም ከቤት ቤት ይዞራል። የዋዜማ ሳህን ራሱ ይመጣል እንጂ ተሄዶ አይለመንም፤ ነውር ነው። ኢራሲልዳም ጠበቀች። ሳህኖቹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አለፉ። ሆድ ባሳት።

ጀንበር ስትጠልቅ ጁሬማ ሁለት ሳህን ይዛ ብቅ አለች። ኢራሲልዳ ብድግ አለች። ጁሬማ ግን ደጇ ስትደርስ ሳህኖቹን በጨርቅ ሸፈነችና ሽታው እንዳይደርስባት ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገረች።

«ጁሬማ! ሐኪም ቤት ነበርኩ፤ አልተለጠጠም!»

«እሰይ! እሰይ እትዬ!» አለች ጁሬማ፣ ከልቧ ደስ ብሏት። «ይኼ ሁሉ እኮ የጥንካሬሽ ፍሬ ነው። አይዞሽ፣ እኛም አናስቸግርሽም። ሳህን ይዞ ደጅሽ የሚደርስ እንዳይኖር ሁሉንም አስምያቸዋለሁ!»

ኢራሲልዳ አፏን ከፈተች። ከውስጡ የወጣው «ተባረኪ» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ጁሬማ ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኳች፤ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ኢራሲልዳም ሳህን ይዘው የሚያልፉት ሰዎች እሷን እያዩ እንዳይሳቀቁ በሯን ዘጋችላቸው።