ልጄ የላከችብኝ ሽማግሌዎች

ልጄ ሽማግሌ ላከችብኝ። በገዛ አባቷ ላይ።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ነው... ሐጂ ሁሴን ሁለት ጎረቤቶቻችንን አስከትለው ደጄ ላይ ቆሙ። እኔና ሐጂ፣ እዚሁ አሰላ ውስጥ፣ ስንቱን ባልና ሚስት አብረን አስታርቀናል። ሽማግሌ በጠዋት ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልጄን ሜሮንን ለጋብቻ ሊጠይቁኝ መሰለኝና ጋቢዬን አስተካክዬ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

«የማን ልጅ ነው ጠያቂው?»

«የማንም አይደለም። የላከችን ራሷ ናት። ጢቾ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ አድርገው ሊቀጥሯት ነው። አባዬ ካልመረቁኝ አልሄድም አለች።»

ደሜ ፈላ። ሜሮን በሥነ ልቦና ምክር ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ቢሮ ለምኜ ጸሐፊነት ያስገባኋት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምኩ ሰው ነኝ። ምክር ከዕድሜ እንጂ ከዩኒቨርሲቲ አይገኝም ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ።

«በሃያ አራት ዓመቷ ማንን ነው የምትመክረው?» አልኩ።

ሐጂ መሬት መሬት አዩ።

«እኔን» አሉ። «ልጄን ቀብሬ ከቤት አልወጣም ያልኩ ጊዜ... አንተ መጥተህ ‹ወንድ ልጅ አያለቅስም› ብለኸኝ ሄድክ። እሷ ግን በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ያወጣችኝ እሷ ናት።»

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

«እንግዲያው እርስዎ ልጅ ያድርጓት» አልኩ።

ልጁን ለቀበረ ሰው ነው ይህን ያልኩት።

ሦስቱም ሳይቀመጡ ሄዱ። ሽማግሌ ከቤቴ በቆመበት ሲመለስ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። ሜሮን ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሰኞ እንደ ወትሮዋ ቢሮ ገባች። ጢቾዎች በሳምንቱ ሌላ ሰው ቀጠሩ።

ትናንት ከሰዓት በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ምነው ከሰው ራቁ? ሐጂ ጋ እንኳ መሄድ ተዉ።»

ፊቴን እያየች ጠበቀችኝ... ብዙ ጠበቀችኝ። «አጥፍቻለሁ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

«ደህና ነኝ። ተነሺ፣ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

ለእሷ ያላልኩትን ለእናንተ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ማንም አያንሳብኝ፤ እኔም አላነሳውም።