ሙነወር ያስተባበለው እውነት

ሙነወር በሕይወቱ የጻፈው ማስተባበያ አንድ ብቻ ነው።

ደሴ ተወልዶ አዲስ አበባ አንድ ጋዜጣ ቤት በአራሚነት ገባ። የሰው ጽሑፍ ሲያርም አስተያየቱን ኅዳግ ላይ መጻፍ ስላበዛ፣ አዘጋጁ «ይልቅ የራስህን አምጣ» ብሎ የቴአትርና የመጻሕፍት አምድ ሰጠው። በአምዱ ተዋናዩንም፣ የክብር ቦታ ተቀምጦ የሚያንቀላፋውን ባለሥልጣንም እኩል ይተች ነበር። አንድ ቀን ጽሑፉን እንዲያስተባብል ተጠየቀ። እምቢ አለ። ሁለት ወር ታሰረ፤ ሲፈታ ከአገር ወጣ።

በ1996 ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ኦፕፊኮን አንድ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ያጥባል። የጥገኝነት ጥያቄው መልስ ስላላገኘ መታወቂያውን በየስድስት ወሩ ያሳድሳል። ከዙሪክ ርቆ ቤት መያዝ አይችልም፤ አገሩም መመለስ አይችልም። የቀረው አምዱ ነበር። ጄኔቭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በየወሩ ለሚያወጧት ስምንት ገጽ ጋዜጣ ይጽፋል፤ በብዕር ስም።

ጋዜጣዋ የአማርኛ ታይፕ አልነበራትም። ሁሉንም በእጇ የምትገለብጠው ሉበና ናት። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ይባዛል። ሉበና የወይዘሮ የወይንሐረግ የቤት ሠራተኛ ናት፤ የመኖሪያ ካርዷም በወይዘሮዋ ባል፣ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ባለሥልጣን በኩል የተሰጣት ነው፤ ሥራው ከቀረ ካርዱም ይቀራል። አንድ ቀን እየሳቀች ለሙነወር እንዲህ አለችው፦

«ማዳም ስለ ሴቶች መብት ንግግር ልታደርግ ስትወጣ እኮ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች።»

ሙነወር ጻፈው። የሰው ስም የለም፣ የሰፈር ስም የለም። ሉበና ራሷ እየሳቀች ገለበጠችው። ወይዘሮዋ ግን የጋዜጣዋ ደንበኛ ነበረች። ያነበበችውን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈው የአስቤዛ ዝርዝር ጎን አስጠጋችው። የሁለቱም የእጅ ጽሑፍ አንድ ነው።

ቅዳሜ ሉበና በስልክ ጠርታው ሙነወር በባቡር ሦስት ሰዓት ተጉዞ ጄኔቭ ደረሰ። ፕላንፓሌ በሚባለው፣ አሮጌ ዕቃ ለሽያጭ በሚነጠፍበት ሜዳ ዳር ሉበና ዘንቢሏን ይዛ ቆማለች።

«ማን እንደጻፈው አልጠይቅሽም አለችኝ። በሚቀጥለው እትም ውሸት ነበር ይባል፤ ካልተባለ ካርድሽን ለሰጠው ቢሮ እመልሳለሁ አለች።»

«እኔ አስተባብዬ አላውቅም፣ ሉበና። አገሬን የለቀቅሁት በዚህ ነው።»

«ለቀሃላ! እኔ ወዴት ልልቀቅ? ወላሂ ጋሼ፣ ለአንተ ጽሑፍ ነው፤ ለእኔ አልጋዬ ነው።»

«እጅሽን እንዴት ረሳነው?»

«አንተ እንኳ አራሚ ነበርኩ ትላለህ። አሁን ጻፍልኝ፤ እስከ አሥር ሰዓት ነው ያለችኝ።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ሉበና በትከሻው በኩል አነበበች።

«‹ምናልባት› የምትለዋን አውጣት።»

«እሷ ከወጣች ጭልጥ ያለ ውሸት ነው።»

«ውሸት መሆኑን እኔ አላውቅም? አውጣት!»

አወጣት። «ባለፈው እትም ስለ አንዲት እመቤት የተጻፈው ከእውነት የራቀ ነው» የሚለው ብቻ ቀረ። ሉበና ወረቀቱን ዘንቢሏ ውስጥ ከሎሚው ሥር ከታ ወደ ትራሙ ሮጠች።

ጋዜጣዋ በወጣች በሳምንቱ ሉበና ሆቴሉ ስልክ ደወለችለት።

«ማዳም ደስ ብሏታል። ከእንግዲህ አምዱን ከመገልበጤ በፊት ታየዋለች። የሚቀጥለው ደግሞ ስለ በጎ አድራጎት ምሽቷ ይሁን ብላለች።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«እሺ አልኳ። ምን ልበል?»

ሙነወር እጁን በሽርጡ ጠረገ። «የባሏ የሥራ ውል መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ትናንት አራት ዓመት አራዘሙለት።»

ከኋላው የቆሸሸ ሰሃን የተከመረበት ጋሪ ገባ። ሙነወር ጽሑፉ ለመቼ እንደሚፈለግ ጠየቃት።