መብራት ስትል ምን ማለትህ ነው?

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ «እትዬ ዋት» ይላታል። ከኤሌክትሪክ መለኪያው ወስጄ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ስትሰማው ትቆጣ ነበር፤ ዛሬ ስልክ ስታነሳ ራሷ «እትዬ ዋት ነኝ» ትላለች። ሥራዋ የፀሐይ ኃይል መትከል ነው። ደንበኛ መጥቶ «መብራት አስገቢልኝ» ካላት መሰላሏን አታነሳም። ወንበር ስባ ታስቀምጠውና «መብራት ስትል ምን ማለትህ ነው?» ትለዋለች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ካውያውን፣ ምድጃውን፣ የፀጉር ማድረቂያውን ሳይቀር አንድ በአንድ ከነሰዓቱ ታስጽፈዋለች። ሰውየው ግራ ይገባዋል። መብራት መብራት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

እሷም ድሮ አትጠይቅም ነበር። ይህን ጥያቄ ያስተማራት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ እኔን ሁለት ባትሪ አስከፍሎኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ጣሪያ ላይ ፓነል ሰቅላ ከጠረጴዛዬ ሥር ሁለት ባትሪ ያስቀመጠችልኝ እሷ ናት። የስፌት መኪናዬ በሞተር መሥራት ከጀመረች ወዲህ እግሬ አርፎ ነበር። ካውያ ግን ከልክላኝ ነበር። ካውያ ስሰካ ካገኘችኝ ፓነሉን ነቅላ እንደምትሄድ ምላ ነበር፤ እህቴ ደግሞ በከንቱ አትምልም፣ ከማለች ታደርገዋለች። ስለዚህ «ዘመናዊ ሆንኩ» ብዬ የፎከርኩት ሰውዬ በከሰል ካውያ ስተኩስ እያዩ ደንበኞቼ ይስቁብኝ ነበር።

ነገሩ የተፈጠረው ክረምት ላይ ነው። ደመናው አራተኛ ቀኑን ይዟል። እኔ ሰኞ የሚወሰድ የአርባ ተማሪ ዩኒፎርም ይዤ መቀመጫዬ እስኪደነዝዝ እሰፋለሁ። ቀትር ላይ ዳገቱ ላይ ካለው ጤና ጣቢያ ነርሷ ለእህቴ ደወለች። እህቴ ከተከለችው ገና ወር ያልሞላው የፀሐይ መብራት ባትሪው አልቆ የክትባቱ ፍሪጅ ቆሟል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካየ ሰንብቷል። ነገ ደግሞ የክትባት ቀን ነው፤ ፍሪጁ ከስምንት ዲግሪ አልፎ ከቆየ መድኃኒቱ ይጣላል፣ እናቶቹም ልጆቻቸውን አዝለው በመጡበት ይመለሳሉ።

እህቴ ሱቄ ስትገባ ሰላምታም የላት። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛዬ ሥር ሽቦ መፍታት ጀመረች። ምን እያደረግሽ ነው ብል ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። ዩኒፎርሙን አነሳሁ፣ ሰኞን አነሳሁ፣ በመጨረሻም መጀመሪያውኑ በደንብ ብትተክዪው ኖሮ አልኩና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብዬ ተረትኩባት። ተረቱ እንደወጋት ፊቷ ላይ አየሁ። እጇ ግን አላቆመም።

«አንተ እግር አለህ፤ መኪናህን በእግርህ ምታት» አለችኝ። «ፍሪጅ እግር የለውም።»

ባትሪዎቹን በእጅ ጋሪ ጭነን ዳገቱን ወጣን፤ እሷ እየሳበች፣ እኔ እየገፋሁና እያጉረመረምኩ። ስንደርስ ቴርሞሜትሩ ሰባት ተኩል ላይ ነበር። ፍሪጁን ከጣቢያው ባትሪ ነጥላ ለብቻው ከእኔዎቹ ጋር አገናኘችው። ሞተሩ ሲነሳ ነርሷ ግድግዳ ተደግፋ ተነፈሰች።

እህቴ ግን አልተነፈሰችም። ክፍል በክፍል እየዞረች ሶኬቶቹን አየች። ከመጋረጃ ጀርባ የሕክምና መሣሪያ መቀቀያው ተሰክቶ አገኘችው። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት ይፈላበት ኖሯል። ነርሷን ጠርታ አሳየቻት፤ እኔም አሁን ልትፈነዳባት ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«መብራት አስገባሁላችሁ ብለውን አልነበር?» አለች ነርሷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «መብራት ከገባ ሁሉም ነገር ይሠራል ብዬ ነው።»

እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ። እኔ መብራት ስል አምፖልና ፍሪጅ ማለቴ ነበር። አንቺ መብራት ስትዪ ሁሉንም ማለትሽ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን አንድ አይደለም። ባትሪ በርሜል በይው። አምፖል በሲኒ ነው የሚቀዳው፣ መቀቀያ በባልዲ።»

ፍሪጁ አምስት ዲግሪ ላይ አደረ። በማግስቱ እኔ ሱቄ ተቀምጬ መኪናዬን በእግሬ እመታለሁ፤ ባቴ ተሳስሯል፣ ልቤም አልበረደም። ረፋድ ላይ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከዳገቱ ይወርዱ ጀመር። ከመሀላቸው አንዷ ሱቄ በር ላይ ቆመች፤ የገዛ ልጄ ናት። የልጅ ልጄ ጭኗ ላይ ጥጥ ተለጥፎ፣ አያቷንም ጣቢያውንም በአንድ ለቅሶ ትከሳለች። የክትባት ቀኗ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከሰዓት የጤና ጣቢያው ኮሚቴ እዚያው ዳገቱ ላይ ተሰበሰበ፤ እኔም ከእህቴ ጋር ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፀሐይ እንደማትሆን ታየ፣ ይነቀልና ወደ ጄኔሬተሩ እንመለስ አሉ። እህቴ ብድግ ብላ፣ ጄኔሬተሩም ትናንት ነዳጅ አጥቶ ቆሞ እንደነበር አስታወሰቻቸው። ከዚያ ሻጭ የማይናገረውን ተናገረች። ፀሐይ ለአምፖሉና ለፍሪጁ ትበቃለች፤ ለመቀቀያው በጠራ ቀን ብቻ፣ ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ትበቃለች፤ ደመናው ከሰነበተ አትበቃም። ስለዚህ ጄኔሬተሩ አይጣልም፣ ነዳጅ ተቀምጦለት ለክፉ ቀን ይቆያል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ያኔ ለምን አልነገርሽንም?» አሉ መምህሩ።

«ምን እንደምትሰኩ ስላልጠየቅኋችሁ። ጥፋቱ የፀሐይዋ አይደለም፣ የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ መንቀል የሚል አልተነሳም። እሷም በዚያው ሳምንት ለፍሪጁ የራሱን መስመር ዘረጋች።

ከስብሰባው ወጥተን አብረን ዳገቱን ስንወርድ ጠየቅኋት።

«የልጅ ልጄ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን ታውቂ ነበር?»

«ነርሷ ነግራኛለች።»

«ያን ሁሉ ስጮህብሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ባትሪዎቹን ራሴ ተሸክሜ እወጣ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

ቆም ብላ አየችኝ። «የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን አትሰጥም ነበር ማለት ነው?»

ዩኒፎርሙን ሰኞ በእግሬ ጨርሼ አስረከብኩ። ባትሪዎቹ እስከ ዛሬ ፍሪጁ ሥር ናቸው፤ መልሺልኝ ብያት አላውቅም።