አባቴ ያልገባበት የታደሰ ቤት

የቤት ማደሻውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም የማየው እሁድ ከሰዓት ነበር። የደከመ ቤት ይመርጣሉ፣ ባለቤቱን ለሳምንት ዘመድ ቤት ይልካሉ፣ ከዚያ ዓይኑን ሸፍነው ያመጡትና ሲገልጡለት ያለቅሳል። እኔም አብሬ አለቅሳለሁ፤ እንባዬ ቅርብ ነው። አንድ እሁድ ግን እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል የራሳችንን ጣሪያ አየሁ። ኮርኒስ ይሁን ብለን የወጠርነው ማዳበሪያ ረግቦ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አባቴ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ ይስላል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ሁሉም ያወራለታል፤ እኛ ቤት ግን በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ አብሮን ያድር ነበር። በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ቴሌቪዥኑ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ላክሁ።

አባቴ ቄስ ነው። ጉልበቱ እምቢ ካለው ወዲህ ቅዳሴ መግባቱን ትቷል፤ ጸሎቱን ግን ቤቱ ሆኖ ያደርሳል። ገብስ ያመጣለት ሰው ቢኖር፣ ባጃጁን አቁሞ በነፃ የሸኘው ቢኖር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የክርስትና ስምህ ማነው?» ይላል። ስሙን ይዞ ጠዋት ጠዋት በጸሎቱ ያነሳዋል። ለሰው የምመልሰው ሌላ ነገር የለኝም ባይ ነው። ስሙን ያልነገረው ሰው ያመጣው ነገር ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ይከርማል እንጂ አይነካም። እኔ ይህን ልማዱን እያወቅኩ ፎቶውን በላክሁ ጊዜ ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

የፕሮግራሙ አስተባባሪ የደወለችልኝ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። ድምፅዋ ደስ ይላል፣ ፈጣን ናት። መጀመሪያ የጠየቅኳት ወጪው በማን እንደሆነ ነው።

«እናንተ ምንም አትከፍሉም፤ ስፖንሰር አለ» አለችኝ።

ማታ ለአባቴ በነፃ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ለእኛ በነፃ ከሆነ በነፃ ያልሆነው ለማን ነው?» አለኝ። ስፖንሰር ነው አልኩት። ስፖንሰር የሰው ስም መሰለው፤ እኔም ስለተመቸኝ አላረምኩትም።

ዘመዶቻችን ያሉት አንኮበር ነው፤ በዚያ መንገድ በዚያ ጉልበት እንደማይሞከር ነገርኳቸው። ስለዚህ አባቴ ከእኔ ጋር ከጓሮ ያለው ማድ ቤት ውስጥ እንዲሰነብት ተስማሙና ወደ ቤቱ እንዳያይ ሸራ ጋረዱበት። ሳምንቱን ሙሉ ሲደበደብ፣ ሲጋዝ፣ ሲቦካ ሰማን። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተሰልፎ ግምቱን ይሰጣል። አንዱ መንግሥት ነው ይላል፣ ሌላው የዐረብ አገር ሰው ነው ይላል። አንዲት ሴትዮ እኔ ሎተሪ ደርሶኝ ደብቄ ነው ብላ አወራች፤ ለጥቂት ቀን ሰላምታዋ ሁሉ ተለወጠብኝ።

የማስመረቂያው ቀን የአባቴን ዓይን በነጠላ ሸፍነው አመጡት። ሲገልጡለት አላለቀሰም። ክሬም ቀለም የተቀባውን ግድግዳ፣ አዲሱን ኮርኒስ፣ የሲሚንቶውን ወለል፣ አልጋውንና ትልቁን ሶፋ አንድ በአንድ አየ።

«አባ፣ ምን ተሰማዎት?» አለችው አስተባባሪዋ።

«ይህን ሁሉ የከፈለው ማነው?»

«ስፖንሰሮቻችን ናቸው።»

«የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ።»

ካሜራ የያዘው ሰው ሳቀ። አስተባባሪዋ የስፖንሰሮቹ ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ አመጣችና ያንብቡልን አለችው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየውና መለሰላት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ድርጅት ነው። ድርጅት አይጠመቅም» አላት። እንደገና እንቅረጽ አሉ፤ እንደገናም ያንኑ አለ። ያ ክፍል በቴሌቪዥን አልወጣም።

ካሜራው እንደጠፋ ሁለት ሰዎች ሶፋው ላይ ከተቀመጥኩበት አስነሱኝና ሶፋውን ከነትራሱ ተሸክመው ወጡ። ለቀረጻ የተዋሱት ኖሯል። ኮርኒሱ ላይ የሰቀሉት የሚያምር መብራትም አብሮት ሄደ። የቀረው የእኛ ይሁን ሌላ ቀን የሚወሰድ ይሁን ለመጠየቅ አፈርኩ።

አባቴ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «የሰጠኝን ሰው ሳላውቅ አልተኛበትም» ብሎ ወደ ማድ ቤቱ ተመለሰ፤ እኔም ተከተልኩት። ተናደድኩ። ጭስ ውስጥ፣ መደብ ላይ፣ በዚያ ሳል ከአዲሱ አልጋ አምስት እርምጃ ርቆ ይተኛል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አንድ ቀን እንዲያውም አኮረፍኩት። እሱ እቴ። ሳሉ ግን ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ስለሄደ አንድ ስም ፈልጎ ማምጣት የኔ ሥራ ሆነ።

አስተባባሪዋ ስደውልላት ቀለሙ ስፖንሰር ከሆነው ፋብሪካ ነው፣ የቀረውን የቴሌቪዥን ጣቢያው ፋይናንስ ክፍል ነው የሚያውቀው አለችኝ። የፋይናንሱ ስልክ አይነሳም። ፋብሪካው ሄድኩ። በትህትና ያስተናገደኝ ሰውዬ «እኛ ለጣቢያው የምንከፍለው ለማስታወቂያ ነው፤ ቀለሙንም የሰጠነው ለጣቢያው ነው። የእናንተ ቤት መታደሱን ካንቺ መስማቴ ነው» አለኝ። እንግዲያው የራስዎን የክርስትና ስም ይንገሩኝ ስለው ደነገጠ። እሱ ተቀጣሪ እንደሆነ ነገረኝ። ፋብሪካው ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ ስጠይቀው ደግሞ እንደ ሞኝ አየኝና «ቀለም ከሚገዛው ሰው ነዋ» አለ።

ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነገሩን ላገናኘው ሞከርኩ። ቀለም ገዢው ለፋብሪካው ይከፍላል፣ ፋብሪካው ለጣቢያው፣ ጣቢያው ለእኛ። ታዲያ እኔም አምና ለአጥሩ በር ቀለም ገዝቻለሁ፤ ቤቱን ያሳደስኩት በከፊል እኔ ነኝ ማለት ነው? ለአባቴ ስነግረው ከልቡ አዳመጠኝ። «ታዲያ የቀለም ገዢውን ሁሉ ስም ልጥራ?» አለኝ። ይብሱን ግራ ተጋባሁ።

በሳምንቱ አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው የግቢውን በር አንኳኳ። ሥራው ላይ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ነው፤ ሲገባና ሲወጣ በሩቅ አይቼዋለሁ። ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚህ ከተማ መጠለያ ውስጥ እንደሚኖር ነገረኝ። የመጣው የግድግዳውን ልስን ለማየት ነው። ሲሚንቶ ሳይደርቅ ውርጭ ከመታው ይሰነጠቃል፣ ሐሳብ ሆኖበት ከርሟል። ከዚያ የተቆለፈውን በር አየ፤ አባቴም ከጭሱ ውስጥ እያሳለ ሲወጣ አየ።

«ሥራዬን አልወደዳችሁትም?» አለ ቀስ ብሎ።

ፊቱ ሲለወጥ ሳይ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። የሥራው ጉዳይ እንዳልሆነ፣ አባቴ የከፈለውን ሰው ሳያውቅ አልገባም ብሎ እንደሆነ ነገርኩት።

«ሲሚንቶውን የገዛችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አለኝ። «እኔ ወላሂ እናንተ መስላችሁኝ ነበር።»

አባቴ ዱላውን ተደግፎ ቀረበ። «ግድግዳውን የለሰንከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባ።»

«ተከፈለህ?»

«ስልክ ቁጥርህ ቴሌቪዥን ላይ ይጻፍልሃል፣ በዚያ ሥራ ታገኛለህ ብለውኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «ጻፉት እህቴ? መጠለያው መብራት ጠፍቶ አላየሁትም።»

ፕሮግራሙን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከእሱ የታየው ልስን የሚያለሰልስ እጁ ነው፤ ፊቱ እንኳን የለበትም። «አልጻፉትም» አልኩት።

«ይሁን» አለ። «እኔስ አባ ገብተውበት ሞቋቸዋል እያልኩ ነበር የከረምኩት። ያንን እያሰብኩ ደስ ይለኝ ነበር። የራሴ ቤት እዚያ ቀርቷል፤ ማን እንደገባበትም አላውቅ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ሲያፍር አየሁት። የሰጠውን ሰው ፍለጋ ከተማውን ሲያስዞረኝ ከርሞ፣ ሰውየው ልስኑ ሐሳብ ሆኖበት በእግሩ መጥቶ ከፊቱ ቆሟል። ቀናም አላለ፣ በዚያው እንዳቀረቀረ «የክርስትና ስምህ ማነው?» አለው።

«እኔ ሙስሊም ነኝ አባ።»

ጾሙን፣ በዓሉን፣ የክርስትና እናት ከማን ጋር እንደማትጋባ፣ ሰው መጥቶ አባቴን ያልጠየቀው ነገር የለም፤ ሳይመልስ ያሳለፈው ጥያቄ ትዝ አይለኝም። አሁን ግን የማውቅ ይመስል ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«ታዲያ በጸሎት እንዴት ብዬ ነው የማነሳህ?»

«እንጃ አባ። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ።»

«እኔም አላውቅም» አለ አባቴ።

አባቴ እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን አወጣ፤ ክፈቺው ብሎ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ተመለሰ።

«እናትህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?»

ነገረው። አባቴ ስሙን ሲደግመው ተሳሳተ። ሰውየው ፈገግ ብሎ አረመለት፣ አባቴ እንደገና ሞከረ። እጁን ይዞት ገባ። ሰውየው ከመስኮቱ ጀምሮ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ስንጥቅ ይፈልጋል፤ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስሙን ይለማመዳል።